የተፈጨ አልገዛም፦ በበርበሬ ፋብሪካ ውስጥ ማጭበርበርን ለመከላከል የሄድኩበት መንገድ

በአንድ የበርበሬና የሽሮ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ኃላፊ ሆኜ ስቀጠር የተረከብኩት የምግብ ደህንነት ሰነድ የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። የወፍጮው ማግኔት ብረት ይይዛል፣ ወንፊቱ በየፈረቃው ይፈተሻል፣ ለእጅ መታጠቢያው፣ ለአይጥ ወጥመዱና ለእርጥበት መለኪያው ሁሉ መዝገብ አለ። ያ ሁሉ መዝገብ ግን የተዘጋጀው ሰው በስህተት ወይም በቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጉዳት ነበር። አስቦ፣ አስልቶ፣ እንዳይያዝም ተጠንቅቆ የሚያበላሽ ሰው ከአንዱም ገጽ ላይ አልሰፈረም።

ይህ የገባኝ በአንድ ክረምት ነው። በርበሬ የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ በመሆኑ ነሐሴ ላይ ገበያው ይሳሳል፣ ዋጋው ይንራል፤ የአዲስ ዓመት ትእዛዝ የሚጎርፈው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው። የግዥ ክፍላችን ዛላ በርበሬ አጣሁ ብሎ ከአንድ ነጋዴ 12 ኩንታል የተፈጨ በርበሬ ገዛ። በኪሎ የተከፈለው ዋጋ ከዛላው ዋጋ ያነሰ ነበር። በርበሬ ሲቀነጠስ ዘንጉና የተበላሸው ይጣላል፣ ሲሰጣ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ሲፈጭም የሚባክን አለ፤ ስለዚህ ጨውም ቅመምም ያልገባበት የተፈጨ በርበሬ ከዛላው ሊረክስ የሚችልበት ሐቀኛ መንገድ የለም። ይህን ሂሳብ በወረቀት ላይ ለመሥራት አምስት ደቂቃ በበቃኝ ነበር፤ አልሠራሁትም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር እርጥበቱን መለካት፣ ቀለሙን ማየትና ነጋዴው ያያዘውን የላቦራቶሪ ሰርተፍኬት በፋይል ማስቀመጥ ነው። ቀለሙማ ከወትሮው ይልቅ ያማረ ነበር።

ችግሩን የደረሰበት ውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን በርበሬ የሚያከፋፍል ደንበኛችን ነው። እርሱ ያስመረመረው ናሙና ውስጥ ሱዳን አንድ የተባለው ቀለም ተገኘ። ሱዳን አንድ ሰምን፣ የጫማ ቀለምንና የመሳሰሉትን ለማቅለም የተሠራ የኢንዱስትሪ ቀለም ነው፤ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ካንሰር አምጥቶ በመታየቱ በምግብ ውስጥ ጨርሶ አይፈቀድም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በበርበሬ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ያደረገው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ በብሪታንያ ቀለሙ የተቀላቀለበት በርበሬ በአንድ የወጥ ማጣፈጫ ውስጥ ገብቶ በመገኘቱ ያ ማጣፈጫ የገባባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከመደብሮች ተሰብስበዋል። እኛም በአቅማችን ሰበሰብን፤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አሳወቅን፤ የቀረውን አስወገድን። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በምግብ ላይ ባዕድ ነገር መቀላቀልን እንደሚከለክል ከዚያ በፊትም አውቅ ነበር፤ በዚህ አዋጅ ተጠያቂ ሆኖ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ግን ያን ጊዜ ተማርኩ።

ሰርተፍኬቱ ሐሰተኛ አልነበረም። ማኅተሙም ፊርማውም ትክክል ነው። ላቦራቶሪው የመረመረው ግን ነጋዴው በፌስታል ቋጥሮ የወሰደለትን ናሙና እንጂ ወደ እኛ መጋዘን የገባውን 12 ኩንታል አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሻጭ ራሱ ባቀረበው ናሙና ላይ የተሰጠን ሰርተፍኬት እንደ ማስረጃ አልቆጥረውም።

እንደገና ስንጀምር ሰነድ ከመጻፌ በፊት ሰዎቹን ሰበሰብኩ። በፊት ሰነዱን የምሠራው ከሁለት የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ነበር፤ አሁን ግዥ ሠራተኛውን፣ ሚዛን ላይ የሚቆመውን መጋዘን ጠባቂ፣ ሒሳብ ሹሟን፣ በርበሬ የሚቀነጥሱትን ሴቶች የሚያስተባብሩትን እናትም ጨመርኩ። እኚህ እናት እኛ ዘንድ ከመቀጠራቸው በፊት ለብዙ ዓመታት ጉልት ላይ በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። «እትዬ፣ እርስዎ ነጋዴ ቢሆኑና እኛን ማታለል ቢፈልጉ ምን ያደርጋሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ምን ያደክመኛል፤ ማታ ውኃ እረጨዋለሁ፣ ጠዋት አስመዝነዋለሁ» አሉኝ። ቀጥለውም የከረመው በርበሬ ከኬሻው መሐል፣ አዲሱ ከላይና ከታች እንዴት እንደሚደረግ፣ ከተመዘነ በኋላ ኬሻ እንዴት እንደሚለወጥ አንድ በአንድ ነገሩን። በአንድ ከሰዓት በኋላ ከእርሳቸው የሰማሁት በሁለት ሥልጠና ካገኘሁት ይበልጥ ነበር።

የውኃው ነገር ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። ነጋዴው የሚፈልገው ክብደት ነው፤ ማንንም የመመረዝ ሐሳብ የለውም። ነገር ግን ውኃ የተረጨ በርበሬ በኬሻ ታፍኖ ሲከርም ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይመነጫል። ይህ መርዝ ጉበትን ይጎዳል፣ በመፍጨትም በማመስም አይጠፋም፣ በዓይንም አይታይም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ላይ የፈቀደው ወሰን ለአፍላቶክሲን ቢ አንድ በኪሎ ግራም 5 ማይክሮ ግራም፣ ለጠቅላላው ደግሞ 10 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። ከዚህ በመነሣት የመቀበያ ወሰናችንን 11 በመቶ እርጥበት አደረግነው፤ መለኪያውም የሚነካው በኬሻው አፍ ያለውን በርበሬ ሳይሆን ተገልብጦ ከመሐል የወጣውን ሆነ። ገልብጦ ማየት ጊዜ ይፈጃል፣ ያስነጥሳል፣ ነጋዴንም ያስቆጣል። አንዳንዶቹ በዚሁ ምክንያት ወደ እኛ መምጣት አቆሙ፤ አላዘንኩም።

ቀጥለን እያንዳንዱን ጥሬ ዕቃ ተራ በተራ አየን። ብናጭበረብርበት ምን ያህል ትርፍ አለው? ከገበሬው እስከ እኛ ስንት እጅ ያልፋል? በዓይን ይለያል ወይስ አይለይም? ከማረቆና ከአላባ የምናስመጣው ዛላ በሁለት ደላላ ብቻ ስለሚያልፍ ውጤቱ ደህና ነበር። ያስደነገጠን ሽሮው ነው። ጓያ ከአተርና ከሽምብራ ይረክሳል፤ ከተከካና ከተፈጨ በኋላ በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ብዙ ጊዜና በብዛት ሲበላ ደግሞ እግር ሽባ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለበት። እኛ ክኩን ገዝተን እንፈጭ ስለነበር በር ከፍተን መተኛታችን ነበር። አሁን የምንገዛው ሙሉውን እህል ነው፤ የጓያ ፍሬ ማዕዘናማ ስለሆነ በለቀማ ላይ ያሉ ሴቶች ሳይቸገሩ ይለዩታል።

ከዚህ ሁሉ የወጣው ዋናው ውሳኔ የተፈጨ ነገር አለመግዛት ነው። የፋብሪካው ባለቤት ወጪው ይበዛል ብለው ለሁለት ወር ያህል ተከራክረውኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ቀረፋ የገባበት ለሕፃናት የተዘጋጀ የተፈጨ ፖም በእርሳስ ተበክሎ በተገኘ ጊዜ የተደረገውን ምርመራ አንሥቼ አስረዳኋቸው፦ ከስሪላንካ የተነሣው ያልተፈጨ ቀረፋ እርሳስ አልተገኘበትም፤ ብክለቱ ኢኳዶር ውስጥ ሲፈጭ እንደደረሰ ነው የተገመተው። በመጨረሻ ያሳመናቸው ግን ይህ ምሳሌ ሳይሆን ሒሳብ ሹሟ ያቀረበችው የዚያ ክረምት የኪሳራ ዝርዝር ነው።

ምርመራን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በማኅበራዊ መገናኛ የሚዘዋወር፣ በርበሬ በብርጭቆ ውኃ ላይ በትኖ ቀለም መኖር አለመኖሩን መለየት ይቻላል የሚል ቪዲዮ አለ። የሸክላ ዱቄት ወይም አፈር ከሆነ እውነት ነው፤ ፈጥኖ ይዘቅጣል። ሱዳን ቀለም ግን በውኃ አይሟሟም፤ በዘይት ይሟሟል፤ የበርበሬው የራሱ ተፈጥሯዊ ቀለምም እንዲሁ በዘይት ስለሚሟሟ ሁለቱን በወጥ ቤት ዘዴ መለየት አይቻልም። የአፈሩን ነገር እኛ ናሙናውን አቃጥለን በአሲድ የማይሟሟውን አመድ በመመዘን እንፈትሻለን፤ ቀለሙን ግን ራሳችን በወሰድነውና ባሸግነው ናሙና ለላቦራቶሪ እንልካለን።

ሳልሸሽግ መናገር ያለብኝ ደግሞ ትልቁ ክፍተት ያለው በእኛው ቤት ውስጥ መሆኑን ነው። ግዥ ሠራተኛው ማበረታቻ የሚያገኘው በቀነሰው ዋጋ ልክ ነበር። ይህ ሰው የረከሰ በርበሬ ሲያገኝ እንዲጠራጠር እንዴት ይጠበቅበታል? ማበረታቻውን ተቀባይነት ካገኘው ጭነት ጋር አያያዝነው፤ ከዕለቱ የገበያ ዋጋ ከአሥር በመቶ በላይ የረከሰ ነገር ሁሉ ምክንያቱ እስኪጣራ ወደ መጋዘን እንዳይገባ ወሰንን።

ሆን ተብሎ የሚፈጸም ብክለት ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ማጭበርበሩ ለትርፍ ነው፣ እንዳይታወቅም ይደበቃል፤ ይህኛው ለመጉዳት ነው። ሁለቱን በአንድ ሰነድ ለማጠቃለል ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ለየብቻ መጻፍ ነበረብኝ። የረዳኝ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ የተፈጸመው ድርጊት ነው፦ የቀዘቀዘ ምግብ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ የኮንትራት ሠራተኛ ምግቡ ላይ ማላቲዮን የተባለ ፀረ ተባይ ጨመረ፤ ከሁለት ሺህ በላይ ሰዎች መታመማቸውን ተናገሩ፤ ሰውየውም ሦስት ዓመት ከስድስት ወር ተፈረደበት። በክፍያው ቅር የተሰኘ ሠራተኛ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ካሜራ ስለመትከል ከማሰቤ በፊት የጠየቅሁት የኛ የቀን ሠራተኞች ደመወዝ በስንት ቀን እንደሚዘገይ ነው። በአንዳንድ ወር እስከ አሥራ ሁለት ቀን ይዘገይ ነበር። መዘግየቱን ማስቆም ከማንኛውም መቆለፊያ ይልቅ ብዙ ደጅ ጥናት የጠየቀኝ ሥራ ነው።

በወፍጮ ክፍሉ በኩል አደገኛው ቦታ ማደባለቂያው ነበር። ክዳኑ ክፍት ነው፣ ከእርሱ በኋላ ማሸጊያ ብቻ ነው ያለው፣ በሌሊት ፈረቃ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራበታል። ክዳን አሠራንለት፣ ቁጥር ያለው ማሸጊያ ገመድ አደረግንለት፣ ሌሊትም ሁለት ሰው እንዲሆን አስወሰንን። ከዚያ አንድ ወዳጄን ነጭ ጋዋን አልብሼ፣ ወረቀት አስይዤ፣ ማንም ሳያውቅ በዋናው በር ላክሁት። ዘበኛው «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር» ብሎ አሳለፈው፤ ማደባለቂያው ዘንድ ለመድረስ ስድስት ደቂቃ ፈጀበት። ከሦስት ወር በኋላ ስልከው ዘበኛው አስቆመው፤ እኔን እስኪጠራ ድረስም ዝናብ ላይ አቆየው። ወዳጄ እስከ ዛሬ ይወቅሰኛል።

ያልተዘጋው ክፍተት እርድ ነው። የደረቀው ሥር ድንጋይ ስለሚያህል የእኛ ወፍጮ አይፈጨውም፤ ስለዚህ ተፈጭቶ የሚገዛ ብቸኛ ዕቃችን እርሱ ሆኖ ቀርቷል። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድን ለማሳመር ሊድ ክሮሜት የተባለ እርሳስ ያለበት ቢጫ ቀለም ሲጨመርበት መኖሩ ስለሚታወቅ፣ እያንዳንዱን ጭነት ለእርሳስ ምርመራ ልከን ውጤቱ እስኪመጣ ለብቻው ቆልፈን እናስቀምጠዋለን። የምርት ክፍሉ ኃላፊ በየሳምንቱ ቁልፉን ይጠይቀኛል። አልሰጠሁትም፤ እርዱን የሚፈጭልን የመዶሻ ወፍጮ ታዟል።