ለእናቴ ቁርጡን ነግሬ እንዴት አስታመምኳት

ውጤቱ የምግብ ቧንቧ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ መጀመሪያ ያለኝ «እማዬ እንዳትሰማ» ነው። አክስቴማ ባሰች፤ «ቁርጡን ከነገርሻት በማግስቱ ነው የምትሞትብሽ» አለችኝ። ስለዚህ በቤታችን የበሽታው ስም «ጨጓራ» ሆነ። ጎረቤቱ፣ ጠያቂው፣ የእድሩ ዳኛ ሳይቀር ያውቃል፤ የማታውቀው የታመመችው ብቻ ናት። እዚህ ጅማ ብቻ ሳይሆን በየቦታው እንዲህ ነው የሚደረገው፤ እንደ ርኅራኄም ይቆጠራል።

እኔን አላስቻለኝም። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ «ከድንገተኛ ሞት ሰውረኝ፣ የንስሐ ጊዜ ስጠኝ» እያለች የጸለየች ሰው ናት። ጊዜው ተሰጣት፤ የደበቅናት እኛ ነን። ሌላም ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ይህ በሽታ መጀመሪያ እንጀራውን ይከለክላል፣ ቀጥሎ ፍትፍቱን፣ ቀጥሎ አጥሚቱን፣ በመጨረሻ ውሃውን። የሚያስመልሰው ሰው ደግሞ ሥጋ ወደሙ ለመቀበል ይቸገራል። «ሲጠናባት ካህን እንጠራለን» የሚሉኝ ዘመዶቼ፣ ሲጠናባት መዋጥ እንደማትችል አላሰቡትም።

ብቻዬን አልነገርኳትም። የንስሐ አባታችንን አስቀድሜ አማከርኩና አንድ ከሰዓት በኋላ ቤት መጡ። ዘው ብዬ ግን አልጀመርኩም፤ «እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ ወይስ እኛ ጋ ይቅር?» ብዬ ጠየቅኳት። መስማት የማይፈልግ ሰው አለ፤ እሱም መብቱ ነው። «ንገሪኝ» አለች። ካንሰር መሆኑን፣ ቀዶ ሕክምና እንደማይሆንላት፣ ሕመሙን ግን ማስታገስ እንደሚቻል ነገርኳት። ስንት ጊዜ ቀራት የሚለውን አላነሳሁም፤ እሱን ሐኪሙም ቢሆን በእርግጠኝነት አያውቀውም።

ዝም አለች። እኔ እንባ ስጠብቅ ቁጣ መጣ። «እና በፍልሰታ ወተት ያጠጣችሁኝ ለጨጓራ ብላችሁ ነው?» አባ በሽተኛ በጾም እንደማይገደድ ረጋ ብለው አስረዷት። አሰብ አደረገችና «ለካንሰርማ እሺ፤ ለጨጓራ ብዬ ግን ጾም አልገድፍም ነበር» አለች። አባ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው ሳቁ። ከዚያ እኛን ከክፍሉ አስወጣችን፤ ንስሐዋን ልትገባ ነው።

ለቁርባኑ አንድ እሁድ ሌሊት መድኃኔዓለም ወሰድናት። የጾሙን ነገር አባ ለበሽተኛ እንደሚገባው አድርገው ወሰኑ፤ የመድኃኒቱን ሰዓት ሐኪሙ አስተካከለልን። ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂ ነው፣ ሙስሊም ነው፤ ሰዓቱን እንኳ ሁለቴ አላስነገረኝም። ከኋላ ሁለት ትራስ ደግፎ፣ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «እማማ፣ ያዙ» እያለ እንደ እንቁላል ይዟት ሄደ። ቅዳሴው እስኪያልቅም በር ላይ ቆሞ ጠበቀን።

ጸሎተ ቀንዲልም አስደረግን። አክስቴ «ቀንዲል እኮ ለሚሞት ሰው ነው» ብላ ልታስቀር ሞከረች። አይደለም። ከሰባቱ ምሥጢራተ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ነው፤ መሠረቱ ያዕቆብ 5፥14 ላይ ያለው፣ የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን ጠርቶ እንዲጸልዩለትና ዘይት እንዲቀቡት የሚያዘው ቃል ነው። ሞት አፋፍ ላይ ላለ ብቻ አላለም። በጊዜ ቢደረግ በሽተኛው «አሜን» ለማለት አቅም ይኖረዋል።

ትልቁ ጠብ የነበረው ግን በሕመም ማስታገሻው፣ በሞርፊኑ ነው። አንዷ ዘመዳችን «ጠበል እየጠጡ መድኃኒት ጠበሉን መድፈር ነው» አለች፤ ሌላው ሱስ ያስይዛታል አለ። ለመጀመሪያዋ ሲራክ 38ን አነበብኩላት፤ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ ይናገራል። ንጉሡ ሕዝቅያስም ቢሆን ጸሎቱ ከተሰማለት በኋላ ቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለታል፤ ኢሳይያስ 38 ላይ አለ። ለሁለተኛው ሐኪሙ ራሱ መለሰለት፤ ለካንሰር ሕመም በታዘዘው ልክ ሲወሰድ ሱስ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። የሚያስፈራው የሆድ ድርቀቱ ነው፤ የሚያለሰልሰውን መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ማስጀመር ነው።

የሞርፊኑን ሽሮፕ ሕመሙ እስኪመጣ ሳንጠብቅ በየአራት ሰዓቱ ሰጠናት። ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12፣ 4፣ ሌሊት 8 ብዬ በወረቀት ጽፌ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ለጠፍኩት። ጠበሉን ትን እንዳይላት ቀና አድርጌ በሻይ ማንኪያ። አጥሚቱን በንጹሕ ነጠላ አጥልዬ። ሕመሙ ሲረግብላት ያየሁት ነገር ሁሉንም ክርክር ዘጋልኝ፤ ትታው የነበረውን ውዳሴ ማርያም እንደገና መድገም ጀመረች። ሕመም ጸሎት አያስጨርስም። ከዚያ ወዲህ ሞርፊንን ከእምነት ጋር የሚያጣላ ሰው ሲገጥመኝ ትዕግሥት የለኝም።

ፈውስ አልለመንሽም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ለመንኩ። ጠያቂ መጥቶ «እምነታችሁ ቢጠና ኖሮ ትድን ነበር» ሲለኝ ግን አልተቀበልኩትም። ሕዝቅያስ 15 ዓመት ተጨመረለት፤ ጳውሎስ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነው። እምነት ያነሰው ጳውሎስ ነበር የሚል ደፋር አላገኘሁም።

ወንድሜን ራሷ ደውላ ጠራችው። ቁርጡን ባታውቅ አትጠራውም ነበር። መጥቶ እግሯን ሳመ፣ ተመረቀ፣ ለዓመታት ያልተነጋገሩበትን የቤት ጉዳይም ጨረሱ። ያልከፈለችው የእቁብ ዕጣ ነበር፤ ከፈልን። በኅዳር አረፈች። ፍትሐቱ፣ ሠልስቱ፣ የእድሩ ድንኳን እንደወጉ ሆነ። «በቃ፣ አታልቅሺ» የሚሉኝን አልሰማሁም፤ ጌታም አልዓዛርን ሊያስነሳው እያወቀ አልቅሷል።

ስለ ተዝካሯም ተናግራ ነበር፤ «አርባዬን ለነዳያን አብሉልኝ፣ ድግስ አልፈልግም።» እንዳለችው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላሉት አበላን። ወንድሜ ግን «ሰው ምን ይለናል» ብሎ ለሰማንያው ድንኳን ጥሎ በሬ አረደ። በዚህ ነገር እኔና እሱ እስካሁን አልተስማማንም።