ብሎትን የት ላስገባው? የፖስትግሬስ ዶክዩሜንቴሽን ማውጫን ስጠግን

የጥገናው ምዕራፍ ተጠናቀቀ። የዳታቤዝ ፕሮግራሙ የፖስትግሬስ ዶክዩሜንቴሽን ስለ ቫኪዩም (የማያስፈልጉ ረድፎችን ስለሚያጸዳው ትዕዛዝ)፣ ስለ ሪኢንዴክስ (ኢንዴክስን እንደገና ስለመሥራት) እና ስለ ሎግ ፋይል አያያዝ የሚናገርበት ምዕራፍ ማለቴ ነው። ወደ ማውጫው የገቡትን ቃላት አንድ በአንድ አየኋቸው፣ የጎደለ የመሰለኝን ጨመርኩ፣ ቢልድ ሳደርገው (ጽሑፉን ወደሚነበብ ገጽ ስቀይረው) ያለ ምንም ቅሬታ ወጣ። ደስ ስላለኝ ላካፍላችሁ።

የማወራው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ ጥያቄ) ስለሚያፈጥነው ኢንዴክስ አይደለም። ዶክዩሜንቴሽኑ መጨረሻ ላይ በፊደል ተራ ተደርድሮ ስለሚገኘው የቃላት ማውጫ ነው። መኖሩን እንኳ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

አጀማመሩ ላይ ብዙ አልቆይም። ሶርስ ኮዱን ጊት በሚባለው የኮድ መያዣ መሣሪያ ታወርዳላችሁ፣ ዶክ የሚለው ፎልደር ውስጥ ጽሑፎቹን ታገኛላችሁ። የፋይሎቹ ስም ዛሬም በኤስጂኤምኤል ያልቃል፤ ውስጣቸው ግን ዶክቡክ ኤክስኤምኤል ነው፤ ታግ በሚባሉ ምልክቶች የሚጻፍ የሰነድ ቅርጸት ማለት ነው። "ሜክ ኤችቲኤምኤል" የሚለው ትዕዛዝ ገጾቹን ያወጣል። "ሜክ ቼክ" ያልተዘጋ ታግ ካለ ቶሎ ያጋልጣል። ማውጫው ለብቻው ተቀምጦ የሚጻፍ ነገር አይደለም። በየክፍሉ መሃል ኢንዴክስተርም የሚባሉ ታጎች ተበትነዋል፤ ቢልድ ሲደረግ ይለቀሙና ተራቸውን ይይዛሉ። ዋናው ቃል ፕራይመሪ ውስጥ፣ ንዑሱ ሰከንደሪ ውስጥ ይገባል። ወደ ሌላ ቃል ለመምራት "ሲ" የሚባል ታግ አለ። ዞን የሚባለው አትሪቢዩት ደግሞ ቃሉ ሙሉውን ክፍል እንዲያመለክት ያደርጋል። ቴክኒኩ ይኸው ነው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

"ሰርች እያለ ማውጫ ምን ይሠራል?" የሚለኝ አይጠፋም። ሰርች የሚያገኘው ገጹ ላይ የተጻፈውን ቃል ነው። ጥሩ ማውጫ ግን አንባቢው ይዞት የመጣውን ቃል ይቀበላል፣ ገጹ ላይ ባይኖርም። ከሌላ ዳታቤዝ፣ ከማይኤስኪውኤል የመጣ ሰው አውቶ ኢንክሪመንት (በራሱ የሚጨምር ቁጥር) ብሎ ይፈልጋል፤ የፖስትግሬስ ማውጫ "ሲሪያልን ተመልከት" ብሎ ይመራዋል። ኦራክል የለመደ ሰው ኤንቪኤል (ባዶውን በሌላ ዋጋ የሚተካው) ቢል ኮአለስ ጋ ይደርሳል። አፕሰርትም (ረድፉ ካለ ማደስ፣ ከሌለ ማስገባት) ማውጫው ውስጥ አለ። በፖስትግሬስ ቨርዥን 9.5 የገባው ትዕዛዝ ግን ኢንሰርት ላይ የሚጨመር ኦን ኮንፍሊክት ነው፤ አፕሰርት የሚባል ትዕዛዝ የለም። እነዚህን ያስገቡት ሰዎች የሚፈልገውን ሰው አስበው ነው የሠሩት። እጃቸው ይባረክ።

አሁን ወደ ራስ ምታቴ ልምጣ፦ ብሎት፣ ማለትም ቴብል ወይም ኢንዴክስ በማያስፈልግ ነገር ማበጡ።

ከአንድ ቴብል ላይ እልፍ ረድፍ ዲሊት አድርጎ ዲስኩ አልቀንስ ያለው ሰው አፉ ላይ የሚመጣው ቃል ይህ ነው። ታዲያ ወዴት ልምራው? "ቫኪዩምን ተመልከት" ብዬ ልገላገል ነበር። አጭርና ንጹሕ ይመስላል። ግን ነገሩን ጠጋ ብላችሁ እዩት።

ፖስትግሬስ ውስጥ የተሰረዘ ረድፍ ወዲያው አይጠፋም። ሌላ ትራንዛክሽን (እንደ አንድ የሚቆጠር የዳታቤዝ ሥራ) ገና ሊያየው ስለሚችል እዚያው ይቆያል። አፕዴትም ቢሆን የድሮውን ረድፍ ትቶ አዲስ ይጽፋል። ቫኪዩም መጥቶ ማንም የማያየውን ያጸዳና ቦታውን ለዚያው ቴብል ያስለቅቃል። ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም፤ የሚመልሰው ቴብሉ ጫፍ ላይ ያሉ ፔጆች (የፋይሉ ቁራጮች) ሙሉ በሙሉ ባዶ ሲሆኑ ነው። ፋይሉን በእርግጥ የሚያሳንሰው ቫኪዩም ፉል ነው። እሱ ቴብሉን እንዳለ እንደገና ይጽፈዋል። እስኪጨርስ ድረስ ቴብሉ ላይ ማንበብም መጻፍም የለም። በዚያ ላይ አዲሱ ቅጂ እስኪያልቅ አሮጌው ስለማይለቀቅ ተጨማሪ ቦታ ይበላል።

እንግዲህ ዲስኩ ሞልቶበት የተጨነቀን ሰው በደፈናው ቫኪዩም ወደሚለው የትዕዛዝ ገጽ ብንልከው፣ ፉል የምትለዋን አይቶ ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ሊያስነሳት ነው። ቴብሉ ይቆለፋል፣ ዲስኩም ይብስበታል። ሊያነብ የሚገባው የጥገናው ምዕራፍ ውስጥ ዲስክ ስለማስለቀቅ የተጻፈውን ክፍል ነው። እዚያ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የትኛው መቼ እንደሚበጅ ተብራርቷል።

በዚህም አላበቃም። ኢንዴክስም ያብጣል። የእሱ መድኃኒት ሪኢንዴክስ ነው፤ ክፍሉም ሌላ ነው። ስለዚህ "ሲ" የምትለውን ታግ ተውኳት። አንድ ቃል ሁለት መድረሻ ካለው "ያንን ተመልከት" ማለት ግማሹን አንባቢ ማሳሳት ነው። አሁን ረቂቁ ላይ "ብሎት" ዋና ቃል ነው፤ ሥሩ "የቴብል" እና "የኢንዴክስ" የሚሉ ሁለት ንዑሳን አሉ፣ ሁለቱም በዞን ወደየክፍላቸው ይሄዳሉ። ኤችቲኤምኤሉ ላይ በገጽ ቁጥር ፈንታ የክፍሉ ርዕስ ስለሚታይ፣ ሰውዬው ሊንኩን ሳይነካ የት እንደሚደርስ ያውቃል።

ገልብጦ ማስገባትንም እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው የወደድኩት። "ትራንዛክሽን አይዲ" ሥር "ራፕአራውንድ" አለ፤ "ራፕአራውንድ" ሥር ደግሞ "የትራንዛክሽን አይዲ" አለ። ትራንዛክሽን አይዲ የሚባለው መለያ ቁጥር ባለ 32 ቢት ስለሆነ ከ4 ቢሊዮን ትንሽ ሲያልፍ ይዞርና እንደገና ይጀምራል። ይህ ጣጣ የደረሰበት ሰው የትኛውን ቃል ቀድሞ እንደሚጽፍ ማን ያውቃል? ሁለቱም በር ክፍት ይሁን።

ተደጋጋሚ ቃላትን በስክሪፕት ለቅሞ ማውጫ መሥራት የሚባል ነገር አለ። በበኩሌ አልገዛውም። ስክሪፕት ቃሉ በስሙ ብቻ የተነሳበትን አንቀጽና የተብራራበትን አንቀጽ አይለይም። ውጤቱ አንድ ቃል፣ ከጎኑ አሥር ሊንክ ነው። እንዲህ ያለ ማውጫ ባይኖር ይሻላል። "ነል ቫልዩ" (ዋጋ ያልተሰጠው ቦታ) የሚለውን እዩልኝ፦ ከዩኒክ ኮንስትሬይንት ጋር፣ ዲስቲንክት ውስጥ፣ ሲነጻጸር እያለ ለያይቶ አስቀምጦታል። ይህ የሰው ሥራ ነው።

ስክሪፕት የሚጠቅመው ለጽዳት ነው። እኔ ቃል ከሚፈልገው ትዕዛዝ ከግሬፕ ሌላ ብዙም አልጠቀም። ፕራይመሪዎቹን በሙሉ አውጥቼ በሶርት አሰልፋቸዋለሁ። ያኔ አንዱ ጋ በነጠላ፣ ሌላው ጋ በብዙ ቁጥር የተጻፈው ቃል ጎን ለጎን ይመጣል፤ ማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቃላት አድርጎ ነው የሚያያቸው።

ምክር ካላችሁኝ፣ ሰዎች ሲጠይቁ የሚጠቀሙበትን ቃል እንዳለ ጻፉት፣ አታርሙት። በአንድ ፓች (በምትልኩት የለውጥ ፋይል) ከአንድ ምዕራፍ አትለፉ፤ የሚያየውም ሰው ነው። የሪፕሊኬሽኑን (ዳታን ወደ ሌላ ሰርቨር የመቅዳቱን) ምዕራፍ እንዴት እንደምትይዙት ግን አትጠይቁኝ። እኔም እየሸሸሁት ነው። ሎጂካል፣ ፊዚካል፣ ስትሪሚንግ፣ ስታንድባይ እየተባለ ቃላቱ እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ፣ የቱ ዋና የቱ ንዑስ እንደሚሆን ገና አልወሰንኩም።

ቀጥሎ የምገባው ስለ ሎክ ወደሚያወራው ክፍል ነው። ቴብላችሁ ተቆልፎ ኩዌሪ አልንቀሳቀስ ሲላችሁ መጀመሪያ የጻፋችሁት ቃል ምን ነበር? ዴድሎክ፣ ብሎክድ፣ ዌይቲንግ፣ ሃንግ? ከሥር ጻፉልኝ፤ ስፔሊንጉ የተሳሳተ ቢሆንም ችግር የለም።