ኔትወርክ የጠፋበትን ቀን የሚመዘግብ ደብተር

ሜክሲኮ ውስጥ ካለችው ከኦአሃካ ከተማ ወደ ሰሜን የሚወጣው አውራ ጎዳና ቁጥሩ 175 ነው። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,550 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ ግን ከዚያም ሽቅብ ይወጣና ጥድ ወደሸፈነው ሴራ ኖርቴ ይገባል። ጉዌላታኦ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ቴክኒሻን ወደ መስኮቱ ጠቆመኝ። ቤኒቶ ኋሬስ በ1806 የተወለደው እዚህ ነው፤ በኋላ ሜክሲኮን በፕሬዚዳንትነት የመራው የሳፖቴክ፣ ማለትም ከአገሬው ነባር ሕዝቦች የአንዱ፣ ልጅ። ኢክስትላንን ካለፍን በኋላ ወደ ጎን ታጠፍን፣ አስፋልቱ አለቀ፣ ጭቃው ጀመረ። ስልኬ ላይ የነበረው የኔትወርክ ምልክት መስመር በመስመር ወርዶ ጠፋ።

ወደዚህ ተራራ ያመጣኝ አንድ የዘጋሁት ሪፖርት ነው። እኔ የማግዘው ለመንደር ኔትወርኮች የሚሆኑ የማስተካከያ ፋይሎችንና የአስተዳደር መሣሪያዎችን የሚያዘጋጅ አነስ ያለ ክፍት ምንጭ (ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል) ፕሮጀክት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በስፓንኛ የተጻፈ ሦስት መስመር ሪፖርት ደረሰን። «ዝናብ ሲጥል ኔትወርኩ ይጠፋል። መብራት ከመጣ በኋላም ስልኮቹ ቶሎ አይመለሱም። እባካችሁ እርዱን» ይላል። እኔም የሶፍትዌሩን ስሪት፣ ሎጉን (ማሽኑ በራሱ የሚይዘውን መዝገብ)፣ የተቀዳውን የኔትወርክ ትራፊክ ላኩ ብዬ መለስኩ። መልስ ሳይመጣ ወር አለፈ፤ «በቂ መረጃ የለም» ብዬ ዘጋሁት። በፕሮጀክታችን ሕግ መሠረት ትክክል ነበርኩ። ነገር ግን ያ ሰው ዳግመኛ አልጻፈልንም፤ ከዚያ አካባቢም ሌላ ማንም አልጻፈም። ተሳታፊ እንዴት እናብዛ እያልን በየስብሰባው ስንነጋገር ያቺ ሦስት መስመር ትመጣብኝ ጀመር።

ይህ ሶፍትዌር ከሌሎቹ የሚለይበትን ነገር መናገር አለብኝ፤ ሁሉም የሚከተለው ከዚህ ነው። የጽሑፍ ማዘጋጃ ወይም የፎቶ ማሳመሪያ ፕሮግራም ቢሆን ማንም ቤቱ ተቀምጦ ጭኖ ይሞክረዋል፣ ስሕተት ሲያይ ይነግርሃል። የሞባይል ኔትወርክ ግን አየር ላይ ካልወጣ ኔትወርክ አይደለም፤ አየር ላይ ለማውጣት ደግሞ የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቴክኒክ ደረጃዎቹ ለማንም ክፍት ናቸው፤ የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣውን የስሪጂፒፒን ሰነዶች አውርዶ ማንበብ ይቻላል። ለሞባይል ኔትወርክ ክፍት ሶፍትዌር የሚጽፉት የኦስሞኮም ሰዎችም በ2008 መጨረሻ በርሊን ውስጥ በኬዮስ ኮሙኒኬሽን ኮንግረስ ላይ፣ በአንድ አሮጌ የሲመንስ ቤዝ ስቴሽን (ከስልኮች ጋር በሬዲዮ የሚገናኝ ጣቢያ) እና ራሳቸው በጻፉት ኦፕንቢኤስሲ በተባለ ሶፍትዌር የጂኤስኤም፣ ማለትም የሁለተኛው ትውልድ ሞባይል፣ ኔትወርክ ሠርተው አሳይተዋል። ኮዱ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ መጥቷል። የሚጎድለው በሕጋዊ ፈቃድ፣ በእውነተኛ ስልክ፣ በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ አምስት ስልክ ደርድረን የምንሞክር ሰዎች መቶዎች ስልኮች በአንድ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ የምናየው ከስንት አንዴ ነው።

በኦአሃካ ተራሮች ይህ ሁሉ አለ። ሪዞማቲካ የተባለው ድርጅት ከነዋሪዎቹ ጋር ሆኖ በ2013 በቪያ ታሌያ ዴ ካስትሮ የመጀመሪያውን የማኅበረሰብ ሞባይል ኔትወርክ ከፈተ። በ2016 የሜክሲኮ የፌዴራል ቴሌኮሙኒኬሽን ተቋም ቴሌኮሙኒካሲዮኔስ ኢንዲሄናስ ኮሙኒታሪያስ ለተባለው ማኅበር በኦአሃካና በሌሎች አራት ግዛቶች እንዲሠራ ፈቃድ ሰጠ። መንደሩ መሣሪያውን በራሱ ገንዘብ ይገዛል፣ ራሱም ያስተዳድራል። በዚያን ጊዜ ተጠቃሚው በወር 40 ፔሶ ይከፍል ነበር፤ 25ቱ እዚያው መንደሩ ይቀር፣ 15ቱ ለማኅበሩ ይሄድ ነበር። ነገሩን የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው። አንቴናው የሚቆመውም በቴኪዮ ነው፤ የእኛ ደቦ ብዬ ብተረጉመው የምሳሳት አይመስለኝም። የሚለየው፣ እዚያ አለመምጣት በጉባኤ ፊት የሚያስጠይቅ መሆኑ ነው።

መንደሩ የደረስነው ሊመሽ ሲል ነበር። ቤዝ ስቴሽኑ ማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ነው፤ ሰርቨሩና ባትሪዎቹ ከሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። ቁልፉን የያዙት ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው። ቀድሞ የመንደሩን የሕዝብ ስልክ ቤት ይዘው ይሠሩ ነበር፤ ከውጭ ሲደወል ስሙን በድምፅ ማጉያ ጠርተው ሰውየውን ከማሳው የሚያስመጡት እሳቸው ነበሩ። ኔትወርኩ ሲመጣ ጉባኤው ኃላፊነቱን ለእሳቸው ሰጠ። ሲም ይመዘግባሉ፣ ወርኃዊውን ክፍያ ይቀበላሉ፣ የሚያማርረውን ሰው ይሰማሉ።

ያንን ሪፖርት የዘጋሁት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ቴክኒሻኑ ወደ ስፓንኛ ሲመልሰው ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ከዚያ ከመሳቢያው አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ።

«ሎግ ላኩ ብለውን ነበር» አሉ። «ሎግ ምን እንደሆነ አላወቅንም። እኛ ያለን ይሄ ነው።»

ደብተሩ በእርሳስ የተሰመሩ ዓምዶች አሉት፦ ቀን፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ኔትወርኩ የጠፋበት ሰዓት፣ መብራቱ የመጣበት ሰዓት፣ እና በመጨረሻ «ሰው መደወል የቻለበት ሰዓት»። ይህ የመጨረሻው ዓምድ የእሳቸው ፈጠራ ነው። ማሽኑ ተነሣ ማለትና ሰው ደወለ ማለት አንድ እንዳልሆነ ከስልክ ቤቱ ሥራቸው ያውቁታል። በእኛ ሶፍትዌር ውስጥ ይህን የሚለካ አንድም ቦታ አልነበረም።

ያን ሌሊት ሦስታችንም በአንድ አምፖል ሥር ተቀምጠን ደብተሩን ወደ ላፕቶፕ ገለበጥን። እሳቸው ያነባሉ፣ ቴክኒሻኑ ይተረጉማል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከሠላሳ ወይም ከአርባ መስመር በኋላ እጄ ቆመ። ኔትወርኩ ለአሥር፣ ለአሥራ አምስት፣ ለሃያ ደቂቃ በጠፋባቸው ቀናት ሰው ወዲያው ይደውላል። ከግማሽ ሰዓት በላይ በጠፋባቸው ቀናት ግን ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ሌላ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ያልፋል። መስመሩ እንደ ቢላ የተቆረጠ ነው።

ግማሽ ሰዓት በጂኤስኤም ውስጥ ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይደለም። ስልክ ሁሉ ሥራ ባይኖረውም በየተወሰነ ጊዜ «እዚህ ነኝ» እያለ ራሱን ለኔትወርኩ ያሳውቃል፤ ይህን ጊዜ የሚቆጥረው ቲ3212 የሚባል ሰዓት ቆጣሪ ነው። በስድስት ስድስት ደቂቃ እርምጃ ይስተካከላል፤ በእኛ የናሙና ፋይል ውስጥ የተጻፈው 30 ደቂቃ ነበር። ኔትወርኩ ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ሲመለስ ቆጣሪው ያላለቀበት ስልክ ቦታው እንዳልተለወጠ አይቶ ዝም ይላል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ከጠፋ ግን የመንደሩ ስልክ ሁሉ ቆጣሪው አልቆበታል፤ ኔትወርኩ ብቅ ባለበት ቅጽበት ሁሉም በአንድ ላይ በሩን ያንኳኳል። በዚያው የናሙና ፋይል ውስጥ በሩ ጠባብ ነበር። አንዱ ማሠራጫ ጊዜን ለስምንት ክፍል ይከፍላል፤ እኛ ቦታ ለመቆጠብ ብለን የምልክት መስመሩን (ስልኩና ኔትወርኩ ከንግግር ውጭ የሚላላኩበትን) ከመጀመሪያው ክፍል ጋር አዳብለን አራት ንዑስ መስመር ብቻ ሰጥተነዋል። ጥቂት መቶ ስልክ፣ አራት መስመር። መስመር ያጣው ስልክ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይሞክራል፤ በተከታታይ ካልሆነለት የራሱ ቆጣሪ እስኪሞላ ይተወዋል። ሴትየዋ በእርሳስ የጻፉት ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ይኸው ነው።

ያ እኔ የጠየቅሁት የተቀዳ ትራፊክ ቢመጣልኝ ኖሮ የአንድን ምሽት መጨናነቅ ያሳየኝ ነበር። ሁለቱን ዓይነት ቀናት ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያሳይ ግን ደብተሩ ብቻ ነው። ይህን የምለው እሳቸውን ለማመስገን ብቻ አይደለም። እኛ «ተሳተፉ» ስንል በር ላይ ያስቀመጥነው ጥያቄ ሁሉ እኛ መያዝ የምናውቀውን መረጃ የሚጠይቅ ነበር። ሰዎቹ እየሠሩ፣ እየመዘገቡ፣ እያስተዋሉ ነበር፤ ሥራቸው ወደ እኛ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ተሳታፊ የለንም ስንል የከረምነው ስለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ቢመስልም ዋጋ አለው። ለምልክት አንድ ሙሉ ክፍል ብንሰጥ ንዑስ መስመሮቹ ስምንት ይሆናሉ፤ ለንግግር ከነበሩት ሰባት ክፍሎች ግን አንዱ ይሄዳል። ይህን ለመወሰን ሥልጣኑ የእኔ አልነበረም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የኔትወርኩ ኮሚቴ ተሰበሰበና ጉዳዩን በሰሌዳ ላይ ሣልኩላቸው። አንድ አዛውንት የመንደር ሰው ከመንደር ሰው ጋር ሲነጋገር ስንት ክፍል እንደሚይዝ ጠየቁኝ። ሁለት፤ ለደዋዩ አንድ፣ ለተቀባዩ አንድ። ጣታቸውን ቆጠሩና «እንግዲያው በሰባቱም በስድስቱም እርስ በርሳችን የምንነጋገረው ሦስት ጥንድ ነው» አሉ። «የምናጣው ወደ ውጭ የሚደወለውን አንዱን ነው።»

እውነታቸውን ነው። ክርክሩ ከዚያ ወዲያ ስለ ሶፍትዌር መሆኑ ቀርቶ በማዕበል ሌሊት ልጁ ጋ ኦአሃካ ከተማ መደወል ያለበት ሰው ስለሚጠብቀው ጊዜ ሆነ። ኔትወርኩ ቶሎ ካልተመለሰ ለውጭ የተቀመጠው ሰባተኛ ክፍል ምን ይጠቅመናል አሉና ተስማሙ። አንድን ክፍል ለሁለት ንግግር የሚያካፍለው የግማሽ ፍጥነት የድምፅ መጭመቂያ ዘዴም እንዳለ ነገርኳቸው፤ ድምፁን ሰምተው ይወስኑ ብለው ለሌላ ቀን አቆዩት።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ሞከርነው። ዋዜማውን በድምፅ ማጉያው ታውጇል። ሴትየዋ ራሳቸው ቤዝ ስቴሽኑን አጠፉ፤ አርባ አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ጭጋጉ ከሸለቆው እየተነሣ ነበር፣ ማንም ብዙ አላወራም። መልሰው ሲያበሩት እኔ የተመዘገቡትን ስልኮች ቁጥር በስክሪኑ ላይ እያየሁ ጮክ ብዬ እጠራለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። በአራተኛው ደቂቃ ቴክኒሻኑ መንገዱ ማዶ ከሚኖረው አጎቱ ስልክ ተደወለለት። በመጨረሻው ዓምድ ላይ የገባው ሰዓት ማሽኑ ከበራ 4 ደቂቃ በኋላ ነው። እሳቸው እርሳሳቸውን አስቀምጠው ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ሪፖርቱን እኔ ልጻፈው ማለት ቀላል ነበር። አልጻፍኩትም። በእሳቸው ስም መለያ ከፈትን፤ በስፓንኛ ተናገሩ፣ ቴክኒሻኑ ተየበ፣ የደብተሩን ገጾች ፎቶ አንሥተን አያያዝን። የናሙና ፋይሉን የሚያስተካክለው ለውጥም ለግምገማ ሲገባ ችግሩን ያገኙትና የለኩት እሳቸው መሆናቸው ተጽፎበታል። እኔ የጨመርኩት ከተራራው ከወረድኩ በኋላ የጻፍኩትን አንድ ሙከራ ነው፦ ብዙ ስልኮች በአንድ ቅጽበት ሲመለሱ የሚመስል፣ እያንዳንዱ አዲስ ኮድ ሳይገባ በፊት በራሱ የሚሮጥ። አንድ ነገር ግን ቸኩዬ የለወጥኩት ገና ኦአሃካ ከተማ ሳልደርስ፣ በመንገድ ላይ ነው። ሪፖርት ማቅረቢያ ቅጻችን ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛውን ስሪት ትጠቀማላችሁ?» ነበር። አሁን «ምን አያችሁ? መቼ? በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ» ይላል። ስሪቱን ከዚያ በኋላ እኛው እንጠይቃለን፤ የት እንደሚገኝም በሥዕል እናሳያለን።

ሰኞ ጠዋት ሚኒባሱ ሲነሣ ቁልፋቸውን እንደያዙ ሸኙኝ። የሪፖርቱን ቁጥር ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጽፈውት አየሁ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ሌላ ሪፖርት ደረሰን። የላከው ረግጬው የማላውቅ ሌላ መንደር ነው፤ ከሸለቆው ማዶ። ጽሑፉ አጭር ነው፣ ምንም ሎግ የለውም። የተያያዘው የደብተር ገጽ ፎቶ ነው፤ በእርሳስ የተሰመሩ አምስት ዓምዶች፣ በመጨረሻው ላይ «ሰው መደወል የቻለበት ሰዓት» የሚል።