ከጠመኔ ምድር የሚመጣ ውሃ

ወደ አሁኑ ቤታችን በገባን በመጀመሪያው ወር፣ ገና አዲስ የነበረው የኤሌክትሪክ የውሃ ማፍያችን ውስጡ ነጭ ቅርፊት ለብሶ አየሁና ውሃው ቆሻሻ ነው ብዬ ደነገጥሁ። ቅርፊቱን በቢላዋ ለመፋቅ ስታገል የማፍያውን ብረት ጫርሁት፤ በተጫረው ቦታ ላይ የተጋገረው አዲስ ቅርፊትም ከፊተኛው ይልቅ አጥብቆ ያዘ። ያን ጊዜ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ባውቅ ኖሮ ቢላዋውን ባላነሣሁ ነበር።

የምንኖርበት ምድር ጠመኔ ነው። ጠመኔ ለስላሳና ነጭ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ አብዛኛው የተፈጠረው ከ100 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በነበረው ዘመን በባሕር ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ እጅግ ረቂቅ አልጌዎች ቅርፊት ነው። የዝናብ ውሃ ከአየሩ፣ ይበልጡንም ከአፈሩ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ በድንጋዩ ስንጥቆች መካከል ቀስ እያለ ሲሰርግም ጠመኔውን እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ከጉድጓድ ተስቦ ቧንቧችን የሚደርሰው ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም ድንጋይ አዝሎ ነው የሚመጣው። እንዲህ ያለውን ውሃ ጠንካራ ውሃ ይሉታል፤ በተለመደው አከፋፈል በአንድ ሊትር ውስጥ ከ180 ሚሊግራም በላይ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ጠመኔው የተሠራበት ንጥረ ነገር፣ የሚቆጠርበት ውሃ እጅግ ጠንካራ ከሚባለው ይመደባል። የእኛው 300 ገደማ ነው። አንድ ቤተሰብ በቀን 50 ሊትር እንዲህ ያለ ውሃ ቢያሞቅ በማሞቂያው ውስጥ በየቀኑ 15 ግራም፣ በዓመት ደግሞ 5 ኪሎ ተኩል የሚጠጋ የሟሟ ድንጋይ ያልፋል ማለት ነው። አብዛኛው ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን ይቀራል፣ ጉዳት የሚያደርሰውም ይኸው ጥቂቱ ነው።

ስኳር በሙቅ ውሃ ይበልጥ እንደሚሟሟ ሁላችንም እናውቃለን። ካልሲየም ካርቦኔት ግን ተቃራኒው ነው። ውሃው ሲሞቅ አሟሙቶ ይዞት የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተናል፤ ያን ጊዜ ድንጋዩ ከውሃው ተለይቶ ወደ ቀድሞ ጠጣርነቱ ይመለሳል፣ ከሁሉ አስቀድሞም በጣም በሞቀው ነገር ላይ ይጋገራል። ቀዝቃዛው ቧንቧ ጠብታ በደረቀበት ቦታ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ሲኖረው ማፍያው፣ ቦይለሩና የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ የሚጎዱት ለዚህ ነው። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ ስለማያስተላልፍ ማሞቂያው ያንኑ ውሃ ለማሞቅ ራሱ ከሚገባው በላይ ይግላል፤ ውሃው ዘግይቶ ይፈላል፣ ማሞቂያውም ዕድሜው ሳይደርስ ይቃጠላል። ቦይለር ሲሞቅ የሚንኳኳ ወይም የሚንዶቆዶቅ ድምፅ ካሰማ፣ ብዙውን ጊዜ ከቅርፊቱ ሥር የታፈነ ውሃ ወደ እንፋሎት እየተለወጠ ነው።

በሳሙና በኩል ያለው ነገር ግን ይበልጥ አሳዝኖኛል፣ ለረጅም ጊዜ በከንቱ ስለደከምሁበት። እናቴ ልትጠይቀን መጥታ ፎጣ ስሰጣት ዳሰስ አድርጋ «ልጄ፣ ይሄ በደንብ አልተለቀለቀም እንዴ?» አለችኝ። ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ ነበር። ካልሲየሙ ሳሙናውን ይይዝና በውሃ የማይሟሟ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይሆናል፤ ይህ ዝቃጭ በጨርቁ ክሮች መካከል ሲቀር ነጩ ልብስ ይደበዝዛል፣ ፎጣውም ይሻክራል። ሳሙናው አረፋ ማውጣት የሚጀምረው ካልሲየሙ በሙሉ ከተያዘ በኋላ ስለሆነ፣ እጃችን ሳናስበው ሳሙና ይጨምራል፣ ዝቃጩም አብሮ ይበዛል። የማሽን ዱቄት ሳሙና ግን ካልሲየሙን ቀድመው የሚይዙ ቅመሞች ስላሉት በጠንካራ ውሃም ይሠራል፤ ማሸጊያው ላይ ለጠንካራ ውሃ የተጻፈውን መጠን መከተል ይበቃል።

ለቅርፊቱ መድኃኒቱ አሲድ ነው። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅዬ ማፍያው ውስጥ አንድ ሰዓት አቆየዋለሁ፤ ሲንተከተክ የሚታየው አረፋ ያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲትሪክ አሲድም ያገለግላል፣ ነገር ግን በሚፈላ ውሃ ከተበጠበጠ ሌላ የማይሟሟ ጨው ሊፈጥር ስለሚችል ለብ ባለ ውሃ መበጥበጥ ይሻላል። አሲድን ከበረኪና ጋር በፍጹም መቀላቀል አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። እብነ በረድ ላይም አይፍሰስ፣ እብነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነውና።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ውሃው ይጠጣል ወይ ብሎ ነው። ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለውሃ ጥንካሬ በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ወሰን የለም፤ ካልሲየምም ሰውነታችን የሚፈልገው ማዕድን ነው። ስለዚህ የቤቱን ውሃ በሙሉ ማለስለስ አስፈላጊ አይመስለኝም። ዛሬ በየቤቱ የሚገጠመው ማለስለሻ ካልሲየሙን ወስዶ በምትኩ ሶዲየም ይሰጣል፣ በየጊዜውም ጨው ይፈልጋል፤ ሶዲየም እንዲቀንስ በሐኪም ለታዘዘ ሰውና ለሕፃናት ወተት መበጥበጫ ያልለሰለሰው ውሃ ይመረጣል። ከዚህ በፊት የነበረው ዘዴ ግን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፦ በ1841 ቶማስ ክላርክ የተባለ ስኮትላንዳዊ ኬሚስት ኖራ ያለበትን ውሃ ኖራ ጨምሮ የማለስለስ ዘዴ አስመዘገበ። የተጨመረው ኖራ በውሃው ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲዋሃድ፣ ቀድሞ የሟሟውም አዲሱም አብረው ጠመኔ ሆነው ይዘቅጣሉ።

እኛ ማለስለሻውን ወደ ቦይለሩ በሚሄደው መስመር ላይ ብቻ አስገጠምን። የወጥ ቤቱ ቀዝቃዛ ቧንቧ እንዳለ ቀርቷል፤ ማፍያውን ደግሞ በየወሩ መጀመሪያ አቼቶ አደርግበታለሁ፣ የጫርሁትን ቦታ ለብቻው በለስላሳ ብሩሽ እያሸሁ።