ተማሪ የሌለው ዶክተር

ዛሬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ወዳጄን አገኘሁት። "ግቢ እንዴት ነው?" አልኩት። "ሰላም ነው፣ ተማሪ ብቻ ነው የጠፋው" ብሎ ሳቀ። ዘንድሮ ለትምህርት ክፍላቸው አዲስ ተማሪ አልተመደበም። ዶክትሬቱን ይዞ ሬሜዲያል፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል ፈተና ላላለፉ የሚሰጠውን የማካካሻ ትምህርት፣ ያስተምራል።

ነገሩ የከረመ ነው። መጀመሪያ 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ የሚመድበው 70/30 መጣና አብዛኛው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሄደ። በ2012 የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ተመለሰ። ኩረጃን ለማስቆም ጠበቅ ተደርጎ የተሰጠውን የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ያለፈው ከ100 ተፈታኝ 3 ግድም ብቻ ነበር። ያን ዓመት ወሎ ምን እንዳየ ታውቃላችሁ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንኳ በጦርነቱ ተዘርፈው ነበር። በ2015 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተከተለ።

ኩረጃው መቆሙን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። እኔን የሚከነክነኝ መምህሩ ነው። ሥርዓተ ትምህርት ሲቀየር ሰነዱን ቁጭ ብሎ የሚያዘጋጀው እሱ፣ ተማሪ ሲጠፋ "ትርፍ ነህ" የሚባለው እሱ። ደመወዙን ባናነሳው ይሻላል!

"አብሽር፣ ያልፋል" አልኩት፤ ሌላ ምን ይባላል? እሱ ግን ቆርጧል። ማታ ማታ አካውንቲንግ ሊማር ተመዝግቧል።