ሥራ ያልፈቱ የሮማ ሕንፃዎች

ኮሎሲየምና ፓንቴዮን ግማሽ ምዕተ ዓመት በማይሞላ ልዩነት የተጠናቀቁ የሮማ ሕንፃዎች ናቸው፤ ዛሬ ግን አንደኛው የውጭ ግድግዳውን እኩሌታ አጥቶ ፍርስራሽ ሲሆን፣ ሌላኛው ከነጉልላቱ ሙሉ ሆኖ ቅዳሴ ይካሄድበታል። ከተማዋን በእግሬ ስዞር በልቤ ይመላለስ የነበረው የዚህ ልዩነት ምክንያት ነበር፤ ያገኘሁትም መልስ በሮማ ዕድሜ የሚያገኘው ሥራ ያልፈታ ሕንፃ ነው የሚል ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮሎሲየም በ80 ዓ.ም. ሲመረቅ 50,000 ያህል ተመልካች የሚይዝ የግላዲያተሮች ፍልሚያና የአውሬ አደን ማሳያ ነበር። ጨዋታው ሲቀር የሚፈልገው ስለጠፋ የድንጋይ ካባ ሆነ፤ በተለይ በ1349 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ደቡባዊ ጎኑን ከናደው ወዲህ፣ የወደቀው ድንጋይ ለመኳንንት ቤትና ለአብያተ ክርስቲያናት ግንባታ ተጋዘ። ጠጋ ብሎ ለተመለከተ፣ በግድግዳው ላይ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ የተበተኑት ቀዳዳዎች ድንጋዮቹን ያያይዝ የነበረውን ብረት ለመንቀል የተቦረቦሩ ናቸው። ከጎኑ ያለውን፣ በ315 የቆመውን የቆስጠንጢኖስ የድል በር ጎብኚው ፎቶግራፍ አንስቶት ያልፋል፤ ኢትዮጵያዊ ግን ትንሽ ቢቆም አይፈረድበትም፤ አበበ ቢቂላ በ1960 ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የጨረሰው እዚሁ ነውና።

ፓንቴዮን የገባሁት ካፊያ ሲጥል ነበር፤ ምርጫ ላለው ሰው የምመክረውም እንዲህ ያለውን ቀን ነው። በጉልላቱ አናት ላይ ያለው፣ ዘጠኝ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ክብ ቀዳዳ መስታወትም ክዳንም ስለሌለው ዝናቡ በቀጥታ እመሐል ወለሉ ላይ ይወርዳል። ወለሉ መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለ ነው፤ ውሃው ወደ ዳር ይንሸራተትና በእብነ በረዱ ውስጥ በተፈለፈሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሰርጋል። በግንባሩ ላይ አግሪፓ እንደሠራው በትልልቅ ፊደላት ተጽፏል፤ ይሁንና የአግሪፓ ሕንፃ በእሳት ጠፍቶ፣ አሁን የምናየውን በ125 ገደማ ያስጨረሰው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን የቀዳሚውን ስም እንዲጻፍ አደረገ እንጂ የራሱን አላስቀረጸም። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ሲሆን ከወለሉ እስከ ቀዳዳው ያለው ቁመትም ያው ነው። ብረት ያልገባበት አርማታ ይህን ያህል ስፋት ሊሸፍን የቻለው፣ ግንበኞቹ ከግርጌ ከባድ ድንጋይ፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ደግሞ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየደባለቁ፣ ውፍረቱንም ከታች ካለው ስድስት ሜትር ገደማ አናቱ ላይ ወደ 1.2 ሜትር ስላወረዱት ነው።

ሕንፃውን ያተረፈው በ609 ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው። ያም ሆኖ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የበረንዳውን ነሐስ ነቅለው የወሰዱት ሌባም ወራሪም ሳይሆኑ ጳጳሱ ኡርባኖ 8ኛ ነበሩ። ጎብኚው በሠዓሊው ራፋኤል መቃብር ዙሪያ ሲጋፋ እኔ ከንጉሥ ኡምቤርቶ ቀዳማዊ መቃብር ፊት ቆየሁ። የውጫሌ ውል ሲፈረምም ሆነ ዐድዋ ላይ ጦሩ ድል ሲመታ የኢጣሊያ ዘውድ በእርሱ ራስ ላይ ነበር።

ከኮሎሲየም የጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ያለውን ሳን ክሌሜንቴን እኔ ከሁሉ አስበልጣለሁ። ከላይ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ባዚሊካ አለ፤ ደረጃ ሲወርዱ ከሥሩ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን፣ ዳግመኛ ሲወርዱ ደግሞ ሚትራ የተባለው ጣዖት ይመለክበት የነበረ ጠባብ አዳራሽና የሮማውያን ቤቶች ይገኛሉ። ከታች አየሩ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ከግድግዳው ጀርባ የሚፈስ ውሃ ድምፅ ይሰማል። አንዱ ዘመን የሌላውን ግድግዳ መሠረት ሲያደርግ እንዲህ በግልጽ የሚታይበት ሌላ ቦታ አላየሁም።

የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ግን ያልኩትን ሁሉ ያፈርስብኛል። ቆስጠንጢኖስ ያሠራው የቀድሞው ቤተ ክርስቲያን ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ሲያገለግል ቆይቶ ሳለ፣ ጳጳሱ ዩልዮስ 2ኛ በ1506 ለአዲሱ መሠረት ጥለው አሮጌውን ማፍረስ አስጀመሩ፤ አዲሱም የተባረከው በ1626 ነው። 551 ደረጃ ወጥቼ ከጉልላቱ አናት ወደ ምዕራብ ስመለከት፣ በአትክልቱ መካከል የኢትዮጵያ ኮሌጅ ሕንፃ ታየኝ። ከባዚሊካው ኋላ ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠችው የአቢሲኒያውያን ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ታላቁ ሕንፃ ሲፈርስና ሲሠራ እርሷ ተርፋለች። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 ሮማ ላይ ያሳተሙት የዚች ደብር ማኅበር አባል ሳሉ ነው። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ በመሆኗ እንደ ልብ አይገባባትም።

የመጨረሻው፣ በመንገድ መሪ መጻሕፍት ብዙ ቦታ የማይሰጠው፣ ከቺርኮ ማሲሞ ሜዳ አጠገብ ያለው የፋኦ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሕንፃው የታቀደው በፋሺስቱ ዘመን ቅኝ ግዛቶችን ለሚያስተዳድረው ሚኒስቴር ነበር፤ ግንባታው ከጦርነቱ በኋላ አልቆ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ገባበት። ከአክሱም የተዘረፈው ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ከፊቱ ቆሞ ኖሮ በ2003 ተነቀለ፤ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ተተከለ። ቦታው ከምድር ባቡሩ የቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ፊት ለፊት ስለሆነ መንገድ አያስቸግርም፤ ያለ ቀጠሮ ግን ወደ ውስጥ ስለማያስገቡ ከውጭ ማየት ይበቃል።