የጎደለችው ካርድ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ውስጥ በረዳትነት ስሠራ የገጠመኝ ነው። ማታ ገብቼ ጠዋት የምወጣበት ፈረቃ ነበር።

ከነዋሪዎቹ አንዷ ሰማንያን የተሻገሩ ሴትዮ ናቸው። በየማለዳው ቡናቸውን ይዘው ከታሮት ካርዶቻቸው፣ ማለትም ዕጣ ፈንታ ይነበብባቸዋል ከሚባሉት ባለሥዕል ካርዶች፣ አንዷን ይመዙና ዝም ብለው ያዩዋታል። አንድ ሌሊት አንሶላ ስቀይር አንዷን ካርድ አልጋው ሥር ወድቃ አገኘኋት። ገልበጥ ባደርጋት ጥሩር የለበሰ አፅም ነጭ ፈረስ ላይ ጉብ ብሏል። እኔ ነጭ ፈረስ ላይ የማውቀው ጊዮርጊስን ነው! ከላይ በሮማ ቁጥር 13፣ ከታች «ሞት» ይላል። አማተብኩ። በዚያው ሳምንት ጎን ካለው ክፍል ሰው ሞቶብን ነበር። ይህን እያዩ ከሚሳቀቁ ብዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳት። ደግ መሥራቴ ነው።

ጠዋት ሴትዮዋ ቆጠሩ። 78 መሆን የነበረበት 77 ሆነ። ደግመው ቆጠሩ። ካርዶቹን የገዙላቸው ሟች ባለቤታቸው ናቸው። እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ አላስቻለኝም፣ ተናዘዝኩ። ደግነቱ ከረጢቱ ገና አልወጣም። ጓንት አጥልቄ በረበርኩና አገኘኋት፤ ጫፏን ቡና ነክቷታል። ኃላፊዬ የነዋሪ ንብረት፣ ቁራጭ ወረቀትም ቢሆን፣ ሳይጠየቅ እንደማይጣል ነግራኝ ማስጠንቀቂያ ጻፈችብኝ። እውነቷን ነው።

ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም። ካርዷን እየጠረጉ «አፅሙን ተወውና ከኋላው ያለውን እይ» አሉኝ። ለካ ከኋላ ሁለት ግንቦች አሉ፣ በመሃላቸው ፀሐይ። ፈረሱ እግር ሥር ንጉሥ ተዘርሯል። ጳጳሱ እጆቹን አጋጥሞ ይለምናል። ሕፃኑ ግን አበባ ይዞ አፅሙን ቀና ብሎ ያየዋል። ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የምትባል ሴት የሣለችው ነው አሉኝ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ለንደን የታተመ። ካርድ የሚያነቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ «ሰው ይሞታል» ብለው አይፈቱትም፤ አንድ ነገር አልቆ ሌላ ሊጀመር ነው ይላሉ። ለእሳቸው የወጣችላቸው ቤታቸውን ሸጠው እዚህ በገቡበት ጠዋት ነው።

እኔ አሁንም በካርድ አላምንም። እሳቸውም እመን አላሉኝም። ብቻ ጣታቸውን ወደ አንገቴ ቀስረው «ይህ ጥቁር ክርስ? ሐዘን ላይ ያለህ መስሎኝ ሦስት ወር ሙሉ ሳልጠይቅህ ቀረሁ» አሉኝ።

ማተቤን ነው።